ልጄ ዌልስሊ ወይም ስሚዝ የመግባት ዕድሏን በምን እንገምት? የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዋ (ኤስኤቲ) 1410 ይላክ ወይስ ይቅር?

የሁለት ልጆች እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 11ኛ ክፍል ጨርሳ ከክረምቱ በኋላ 12ኛ ትገባለች። ልቧ የሴቶች ኮሌጆች ላይ ነው፤ ዌልስሊ፣ ባርናርድ፣ ስሚዝ፣ ብሪን ማርና ማውንት ሆልዮክን ይዛለች። ኢንተርኔት ላይ ካሉት የዕድል ማስያዎች አንዱ ለዌልስሊ 41 በመቶ ሰጣት። ያንኑ መረጃ ሌላው ላይ ብታስገባው 9 በመቶ አላት። መረጃዋ ይኸው፦

- ሜሪላንድ፣ የመንግሥት ሃይስኩል፤ ሁላችንም ግሪን ካርድ አለን
- ጂፒኤ (አማካይ ውጤቷ) 3.91፣ በኤፒና በኦነርስ (ከበድ ባሉት ኮርሶች) ክብደት ሲሰላ 4.55፤ ትምህርት ቤቱ የተማሪ ደረጃ አያወጣም
- እስካሁን 5 ኤፒ ወስዳለች፤ ባዮሎጂ 4፣ የዓለም ታሪክ 5 አምጥታለች፤ የሌሎቹ ውጤት ገና ነው
- ኤስኤቲ 1410 (ሒሳብ 680፣ ንባብና ጽሑፍ 730)
- ከክፍል ውጭ፦ የሆስፒታል በጎ ፈቃድ 2 ዓመት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት አማርኛ ማስተማር፣ ትራክ፣ ማታ ማታ ታናሽ ወንድሟን መንከባከብ
- ማጥናት የምትፈልገው ኒውሮሳይንስ
- 12ኛ ክፍል ያስመዘገበችው ኤፒ ካልኩለስ ኤቢ፣ ኤፒ ሊተሬቸር፣ ኤፒ ሳይኮሎጂና ጋቨርንመንት ነው፤ ስፓኒሽ 4ን ትታ ሁለት ነፃ ፔሬድ ይዛለች፤ ፊዚክስ እስካሁን አልወሰደችም
- አራት ቤተሰብ ነን፤ ገቢያችን 82,000 ዶላር ገደማ፤ ቤት በሞርጌጅ ገዝተናል፤ ባለቤቴ በራሱ መኪና ሰው ያመላልሳል

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ዕድሏን በምን እንገምት? 1410ን እንላክ? ዌልስሊ በኧርሊ ዲሲዥን (ከተቀበሏት የምትገባበት ግዴታ ባለው ቀደምት ዙር) ብታመለክት ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳናል?

—

ሰነድ አንባቢ፦

እህቴ፣ ሁለቱንም ማስያ ይተዉት። ጂፒኤና ኤስኤቲ ብቻ ወስደው ነው ቁጥር የሚያወጡት። ልጅዎ በትምህርት ቤቷ ከሚሰጠው ኮርስ ምን ያህሉን እንደወሰደች፣ መምህራኖቿ ምን እንደሚጽፉላት፣ ድርሰቷ ምን እንደሚመስል አያውቁም፤ ኮሌጆቹ ደግሞ 3.9 ካላቸው ብዙ ልጆች መካከል የሚለዩት በእነዚህ ነው።

የተሻለ መነሻ ከፈለጉ «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባለውን ሰነድ ይክፈቱ። አብዛኞቹ ኮሌጆች በየዓመቱ በድረ ገጻቸው ያወጡታል፤ የኮሌጁን ስም ከነዚህ ሦስት ቃላት ጋር ቢፈልጉ ይመጣል። የሚያስፈልግዎ ክፍል ሲ ነው። ቢያንስ የሦስት ዓመት ሰነድ ጎን ለጎን ይያዙ፤ የአንድ ዓመት ቁጥር ያሳስታል።

ሲ1 ላይ ስንት ሰው አመልክቶ ስንቱን እንደተቀበሉ አለ። በቅርብ ዓመታት ባርናርድ ከ10 በመቶ በታች፣ ዌልስሊ 14 በመቶ ገደማ፣ ስሚዝ 20 በመቶ ገደማ፣ ብሪን ማር 30 በመቶ ገደማ፣ ማውንት ሆልዮክ ከሦስት አመልካች ከአንድ በላይ ሲቀበሉ ቆይተዋል። እነዚህን ቁጥሮች ወንድና ሴት ከሚቀበሉ ኮሌጆች ጋር አያወዳድሯቸው። የሴቶች ኮሌጅ የሚያመለክቱት ሴቶቹ፣ ከእነሱም አስበውበት የመረጡት ናቸው፤ ዝነኛ ስም አይቶ ዝም ብሎ የሚልክ ሰው እዚህ ጥቂት ነው። ስለዚህ የስሚዝ 20 በመቶ ሌላ ቦታ ካለው 20 በመቶ ይቀላል ማለት አይቻልም፤ ተወዳዳሪዎቹ ጠንካሮች ናቸው።

ቀጥሎ ሲ21ን ይዩ፤ በኧርሊ ዲሲዥን ያመለከቱትና የተቀበሏቸው እዚያ ተጽፏል። ሁለቱን ቀንሳችሁ የመደበኛውን ዙር ዕድል ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ስሌቱ እንዲገባችሁ በምሳሌ ቁጥር ላሳይ፦ 8,000 አመልክተው 1,100 ቢቀበሉ 13.75 በመቶ ነው። ከነዚህ ውስጥ 900ዎቹ በኧርሊ ዲሲዥን አመልክተው 300 ተቀብለዋል እንበል፤ ይህ 33 በመቶ ነው። ለመደበኛው ዙር የቀረው 7,100 አመልካችና 800 ቦታ ነው፤ 11.3 በመቶ። አያችሁ፣ ኮሌጁ ያወጣው 13.75 በሁለቱም ዙር ላለች ልጅ ትክክለኛ ቁጥሯ አይደለም።

የኤስኤቲው ጉዳይ ሲ9 ላይ ነው። እዚያ 25ኛ፣ 50ኛና 75ኛ ፐርሰንታይል የሚባሉ ሦስት ቁጥሮች አሉ (25ኛው ማለት ውጤት ከላኩት ሩቡ ከእርሱ በታች ናቸው ማለት ነው)። ከነሱ በላይ ግን ስንት በመቶው ተማሪ ውጤት እንደላከ የሚናገረውን መስመር መጀመሪያ ያንብቡ። ኤስኤቲ የላኩት 45 በመቶ፣ ኤሲቲ (ሌላውን የመግቢያ ፈተና) የላኩት 18 በመቶ ከሆኑ፣ ከተማሪዎቹ ሲሶው በላይ ያለ ፈተና ውጤት ገብቷል ማለት ነው። የሚላከው ጥሩ ውጤት ብቻ ስለሆነ ፐርሰንታይሎቹ ወደ ላይ ተስበዋል። ከዚህም ሌላ ቁጥሩ የተመዘገቡትን ተማሪዎች እንጂ የተቀበሏቸውን ሁሉ አያሳይም።

ከዚያ ውሳኔው እንዲህ ነው። ውጤቷ ከ50ኛው በላይ ከሆነ ይላክ። ከ25ኛው በታች ከሆነ አይላክ። በሁለቱ መሐል ከወደቀ ትምህርት ቤቷን ይመልከቱ፦ ካውንስለሯ (የትምህርት ቤቷ አማካሪ) ከትራንስክሪፕቱ (ከውጤት መዝገቧ) ጋር የምትልከው የትምህርት ቤት መግለጫ ላይ የትምህርት ቤቱ አማካይ ኤስኤቲ ይጻፋል። አማካዩ 1050 ከሆነ የእርሷ 1410 ጎልቶ ይታያል፤ 1300 ከሆነ ግን ምንም አይጨምርላትም። በቅርብ ዓመታት ሰነዶች 1410 ለዌልስሊና ለባርናርድ ከ25ኛው በታች ነው፤ አትላኩ። ለብሪን ማርና ለማውንት ሆልዮክ መሐል ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የዘንድሮውን ሰነድ አይታችሁ ለየብቻ ወስኑ። ለአንዱ ልኮ ለሌላው መተው ይቻላል፤ ሁሉም ጋር አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ማውንት ሆልዮክ ፈተናን በፈቃድ ያደረገው በ2001 ነው፣ ስለዚህ ያለ ኤስኤቲ የመጣን ማመልከቻ ማንበብ አዲሱ አይደለም። ዌልስሊና ባርናርድ ግን ከ2020 ወዲህ የመጡበት ስለሆነ ደንባቸውን በየዓመቱ ገጻቸው ላይ ያረጋግጡ።

—

የሃይስኩል አማካሪ፦

ሰነድ አንባቢ ቁጥሩን በደንብ ስላስቀመጠው እኔ ወደ ትራንስክሪፕቱ ልሂድ። ከሁሉም በፊት የ12ኛ ክፍል ፕሮግራሟን አስተካክሉ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከዘረዘሩት ሁሉ ያሳሰበኝ ኤስኤቲው ሳይሆን ይኼ ነው።

በኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ በሚመለከትበት ድረ ገጽ) ካውንስለሯ የምትሞላው የትምህርት ቤት ሪፖርት አለ። እዚያ ላይ «ይህች ተማሪ በትምህርት ቤታችሁ ከሚሰጠው አንፃር የወሰደችው ኮርስ ምን ያህል ከባድ ነው» የሚል ጥያቄ አለና ከአምስት ደረጃዎች አንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ከፍተኛው «እጅግ ከባዱ» የሚለው ነው። ዌልስሊን የመሰለ ኮሌጅ የሚገቡት አብዛኞቹ እዚያኛው ሳጥን ላይ ምልክት የተደረገላቸው ናቸው። ኒውሮሳይንስ እፈልጋለሁ የምትል ልጅ ፊዚክስ ሳትወስድ፣ ቋንቋዋን በሦስተኛው ዓመት አቋርጣ፣ ሁለት ነፃ ፔሬድ ይዛ ብትቀርብ ካውንስለሯ ያንን ሳጥን ለመምረጥ ትቸገራለች። አንባቢው ደግሞ «የመጨረሻው ዓመት ላይ ተዝናናች» ይላል። የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት በዓመቱ አጋማሽ ሪፖርት ስለሚላክ መደበቂያ የለውም።

ስለዚህ፦ ስፓኒሽ 4 ይመለስ። ከነፃዎቹ ፔሬዶች አንዱ ፊዚክስ ይሁን፤ ኤፒ ፊዚክስ ካልተገኘ ኦነርስም ይበቃል። ካልኩለሱ እንዳለ ይቆይ። ኤፒ ሳይኮሎጂ ለኒውሮሳይንስ ይጠቅማል ተብሎ ይታሰባል፣ ነገር ግን ከፊዚክስ ጋር ከተጋጨ ፊዚክስን ምረጡ። አንድ ነፃ ፔሬድ ቢቀር ችግር የለውም፣ በተለይ ቤት ውስጥ ኃላፊነት ላለባት ልጅ። ለካውንስለሯ ኢሜይል ዛሬ ጻፉ፤ ትምህርት ሲከፈት የፊዚክስ ክፍሉ ይሞላል። በዚያው ኢሜይል ላይ «በዚህ ፕሮግራም የትኛው ሳጥን ይሆናል?» ብላ ልጅቷ ራሷ ብትጠይቅ ነውር አይደለም። ብዙዎቹ በግልጽ ይመልሳሉ።

በክብደት የተሰላውን 4.55 ብዙ አትመኩበት። እያንዳንዱ የትምህርት ዲስትሪክት በራሱ መንገድ ስለሚያሰላው ኮሌጆች ወይ ያለ ክብደት ያለውን ያያሉ ወይ በራሳቸው መንገድ ዳግም ያሰላሉ። 3.91 ጥሩ ነው። ቢ ያገኘችባቸው ኮርሶች የት እንዳሉ ግን ይታያል። 9ኛ ክፍል ላይ ከሆኑ ቀላል ነው፤ 11ኛ ክፍል ኬሚስትሪና ሒሳብ ላይ ከሆኑ ለሳይንስ አመልካች ይከብዳል።

የትምህርት ቤታችሁ ልጆች ከዚህ በፊት እዚያ አመልክተው ምን እንደገጠማቸው የሚያሳይ ግራፍ ትምህርት ቤቶች በሚጠቀሙባቸው ናቪያንስ ወይም ስኮር (Scoir) በሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ይኖራል። ከየትኛውም ማስያ ይልቅ ለልጅዎ የሚቀርበው እርሱ ነው። ከ10 ያነሱ ነጥቦች ካሉበት ግን ብዙ አትደገፉበት፤ በስፖርት የተመለመለችውና በገንዘብ ምክንያት ያልገባችው እዚያ ላይ በመልክ አይለዩም።

እንቅስቃሴዎች ላይ፦ ኮመን አፕ 10 ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል ብቻ፣ ክፍት ቦታውን ጨምሮ። ወንድሟን መንከባከቧን አንዱ ቦታ ላይ አስፍሩት። «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ራሱን የቻለ ምድብ አለ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነም ይጻፋል። የእኛ ቤተሰቦች ይህን እንደ ሥራ ስለማይቆጥሩት ሳይጻፍ ይቀራል፤ በሳምንት 15 ሰዓት ከሆነ ለምን ስድስት ክለብ እንደሌላት የሚያስረዳውም እርሱ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ማስተማር ከሆስፒታሉ በፊት ይግባ። ሆስፒታል በጎ ፈቃድ ብዙ አመልካች አለው፤ ስንት ሕፃናት፣ ስንት ዓመት፣ ምን መጽሐፍ ወይም ካርድ ራሷ አዘጋጅታ እንዳስተማረች ቢጻፍ ግን ልጅቷን ያሳያል። «በጣም እወዳቸዋለሁ» የሚል ቃል 150 ፊደል ውስጥ ቦታ አይገባውም።

አማርኛዋንም አትርሱ። ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ሲል ኦፍ ባይሊትረሲ የሚባል የሁለት ቋንቋ ችሎታ ዕውቅና ይሰጣሉ፤ አቫንት የተባለው ድርጅት ለአማርኛ ፈተና አለው። ትምህርት ቤቷ ለስፓኒሽ ብቻ ነው የሚያውቀው ሊሉዎት ይችላሉ፤ የቋንቋ ክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ። ይህ ግን የስፓኒሽ 4ን ቦታ አይተካም።

ደብዳቤ ከሁለት መምህራን፣ ሁለቱም የ11ኛ ክፍል ዋና ትምህርት፤ አንዱ ሳይንስ ወይም ሒሳብ፣ ሌላው እንግሊዝኛ ወይም ታሪክ። መስከረም ላይ ሳይሆን አሁን ይጠየቁ። ስትጠይቅ አንድ ገጽ ማስታወሻ ትስጣቸው፦ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደተቸገረች፣ እንዴት እንዳለፈችው፣ የትኛው ሥራዋን እንደምትኮራበት። ኤ የሰጣት መምህር ሁሉ ጥሩ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ቢ ፕላስ ሰጥቶ ከትምህርት በኋላ ስትመጣ ያያት መምህር የበለጠ ይናገራል።

—

የሁለት ልጆች እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ለካውንስለሯ ኢሜይሉን ልካለች። አሁን የሚያስጨንቀኝ ገንዘቡ ነው። ኧርሊ ዲሲዥን ከገባች መውጫ የለም ይሉናል። ቤት ስላለንስ ሀብታም ናችሁ ይሉን ይሆን?

—

የክፍያ ጉዳይ፦

እርስዎ የጠቀሷቸው አምስቱም ኮሌጆች ለተቀበሏት ተማሪ የተሰላውን ችግር ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን ይላሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ ችግሩን የሚያሰሉት ግን እነሱ ናቸው። እናንተ 8,000 እንከፍላለን ብላችሁ እነሱ 17,000 ትችላላችሁ ካሉ ሁለታችሁም «ሙሉ» ትላላችሁ።

ግሪን ካርድ መኖሩ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ዌልስሊና ባርናርድ ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ሲወስኑ የመክፈል አቅምን አያዩም። ከውጭ አገር ለሚያመለክቱ ግን ያያሉ፣ ውድድሩም ሌላ ነው። ማውንት ሆልዮክ ግን አመልካቿ ዜጋ ብትሆንም የገንዘብ ፍላጎትን ከግምት ያስገባል። በሌላ በኩል ማውንት ሆልዮክና ስሚዝ በውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አላቸው፤ ዌልስሊና ባርናርድ የላቸውም፣ የሚሰጡት በችግር ብቻ ነው።

ኧርሊ ዲሲዥን ልጅቷ፣ ወላጅና ካውንስለር የሚፈርሙበት ስምምነት ነው። ብትገባ ሌላ ማመልከቻዎቿን ታነሳለች። መውጫው አንድ ነው፦ የቀረበው እርዳታ ቤተሰቡ እንዲከፍል የማያስችል ከሆነ መልቀቅ ይፈቀዳል። ያን ጊዜ ግን የሌሎች ኮሌጆችን ቅናሽ አስቀምጦ ማወዳደር አይኖርም። ስለዚህ ሳትፈርሙ በፊት ሁለት ሰዓት ወስዳችሁ ይህን ሥሩ።

እያንዳንዱ ኮሌጅ በፌዴራል ሕግ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር (ከእርዳታው በኋላ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የሚገምት ማስያ) በድረ ገጹ ላይ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ታክሳችሁንና የደመወዝ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ለአምስቱም ሙሉ። ለፈጣን ግምት ማይኢንቱሽን የሚባለው አለ፤ የዌልስሊ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ፊሊፕ ሌቪን የጀመሩት ነው፣ ጥቂት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። ውጤቱን በስክሪን ቀርጻችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ እርዳታው አንሶ ከመጣ ስትከራከሩ ይጠቅማል።

ካልኩሌተሩ የሚሳሳትበት ቦታ እናንተ ቤት ውስጥ አለ። ባለቤትዎ በራሱ መኪና የሚሠራ ከሆነ ታክሱ ላይ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ ቅጽ) አለ፤ የመኪናውን እርጅና ወጪ አድርጎ ገቢውን ዝቅ ያደርጋል። ኮሌጆች ይህን የእርጅና ወጪ ብዙውን ጊዜ መልሰው ገቢ ላይ ይደምሩታል። ታክሱ ላይ ያለው 82,000 በኮሌጁ ስሌት 90,000 ሊሆን ይችላል። ካልኩሌተሩን ሁለት ጊዜ ሙሉት፣ አንዴ በታክሱ ቁጥር፣ አንዴ እርጅናው ተደምሮ። የሁለተኛውን መክፈል ከቻላችሁ ኧርሊ ዲሲዥን አያስፈራም።

ቤቱን በተመለከተ፦ ፋፍሳ (የፌዴራል መንግሥቱ የእርዳታ ቅጽ) የምትኖሩበትን ቤት አይጠይቅም። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል (ኮሌጆቹ ለራሳቸው እርዳታ የሚጠይቁት ቅጽ) ግን ይጠይቃል፤ ከቤቱ ዋጋ ላይ የቀረው የሞርጌጅ ዕዳ ተቀንሶ የሚተርፈው (እኩይቲው) ይታያል፤ ስንቱን እንደሚቆጥሩት ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያል። ለእያንዳንዱ የእርዳታ ቢሮ «የመኖሪያ ቤት እኩይቲን እንዴት ትቆጥራላችሁ?» ብላችሁ ጻፉ፤ ይመልሳሉ። የቤቱን ዋጋ ስትሞሉ ጎረቤት በሸጠበት ትልቁ ዋጋ አትሙሉ፣ የወረደም አታድርጉ፤ ከታክስ ግምቱና ከቅርብ ሽያጮች የሚገኘውን መካከለኛ ዋጋ ያዙ።

ሁለቱም ቅጽ ኦክቶበር 1 ገደማ ይከፈታል። ፋፍሳ ነፃ ነው። ሲኤስኤስ ከ100,000 ዶላር ያልበለጠ ገቢ ላለው ቤተሰብ በነፃ ነው፤ ካርድ ከጠየቃችሁ የሆነ ነገር ተሳስቶ ተሞልቷል ማለት ነው። የሚታየው ታክስ ከመግቢያዋ ዓመት ሁለት ዓመት ወደኋላ ያለው ነው፦ በ2027 መስከረም ለምትገባ ተማሪ የ2025 ታክስ። ከዚያ ወዲህ ገቢ ከወረደ ቅጹ ራሱ አያውቅም፣ በደብዳቤ ማስረዳት አለባችሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ ለእኛ ቤተሰቦች። ቅጹ የሚጠይቀው ቅጹን በምትሞሉበት ቀን ባንክ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ነው። የዕቁብ ዕጣ በዚያ ሳምንት ከወጣላችሁ 20,000 ዶላሩ እንደ ቁጠባ ይቆጠራል፤ ገና የምትጥሉት ቀሪ ዙር ደግሞ እንደ ዕዳ አይቀነስም። ያለውን በትክክል ሞልታችሁ የልዩ ሁኔታ ማብራሪያው ላይ ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ ስንት ዙር እንደቀረ በሦስት መስመር ጻፉ። ለአገር ቤት ዘመድ የምትልኩትም እዚያው ይገባል፣ የላካችሁበት ደረሰኝ ተያይዞ። ኮሌጁ እንዲቀበለው አይገደድም፤ ያልተጻፈውን ግን ሊያስብበትም አይችልም።

—

ከኖርዝሃምፕተን፦

ስለ ኧርሊ ዲሲዥን ከላይ ያለው ስሌት ልክ ነው፤ 33 እና 11 የሚለው ልዩነት ግን የሁሉንም ልጅ ዕድል ሦስት እጥፍ ያደርጋል ብላችሁ አታንብቡት። በኧርሊ ዲሲዥን ከሚገቡት ውስጥ አሠልጣኝ የመረጣቸው ስፖርተኞች አሉ፤ ዌልስሊ፣ ስሚዝና ባርናርድ ከኩዌስትብሪጅ (ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ጎበዝ ተማሪዎች ከኮሌጅ ጋር ከሚያገናኝ ድርጅት) ጋር ስለሚሠሩ በዚያ መንገድ የሚመጡም አሉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያ ለመግባት የተዘጋጁም አሉ። እነሱ ሲወጡ ለአንድ ተራ አመልካች የሚቀረው ጥቅም ይጠባል። አለ፣ ግን ጠባብ ነው።

እኔ ብጠየቅ በዚህ መረጃ ኧርሊ ዲሲዥን አንድን (የመጀመሪያውን ዙር) ዌልስሊ ላይ አላውለውም። የመጀመሪያው ዙር ኖቬምበር 1 ይዘጋል፤ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስና ካልኩለስ ውጤት ገና የለም፣ ኤስኤቲውም አልተሻሻለም። የስሚዝ ኖቬምበር 15 ነው። ሁለተኛው ኧርሊ ዲሲዥን ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያ ሆኖ ስሚዝም ዌልስሊም አላቸው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው፣ የፋይናንስ ግምቱም ተሠርቷል። ከሁለቱ የትኛውን በእውነት እንደምትመርጥ ልጅቷ ትወስን፤ ዕድሉን አይቶ የማይወዱት ቦታ መፈረም አይገባም። ቀኖቹ በአንድ ሁለት ቀን ስለሚቀያየሩ ገጹን ተመልከቱ።

ድርሰቱን ሳልነካ ማለፍ አልችልም፤ እዚህ ኮሌጆች ላይ ከሌላው በላይ ይመዝናል። «ለምን እኛን?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጥሩ ልጆችን ይጥላል። ዌልስሊን የመረጥኩት ኤምአይቲ ኮርስ መውሰድ ስለሚቻል ነው ብላ ግማሹን ስለ ኤምአይቲ የምትጽፍ ልጅ ኤምአይቲ ቢሳካላት እንደምትሄድ ነው የተናገረችው። ባርናርድ ላይ ስለ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ብቻ መጻፍም ያው ነው። ልውውጡን መጥቀስ ይቻላል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። «ወንድ ስለሌለ ትኩረቴ አይበተንም» የሚለውም ደካማ ነው፤ የሴቶች ኮሌጅ ያለ ወንድ የሚኖርበት ቦታ ነው ብሎ ከማየት አያልፍም። ይልቅ በላብራቶሪ፣ በክርክር መድረክ፣ በተማሪ ምክር ቤት ሁሉም ወንበር ላይ ሴት ሲቀመጥ እርሷ ምን ልትሠራበት እንደምትፈልግ ብትጽፍ ሌላ ነገር ነው።

ለእያንዳንዱ ኮሌጅ የሚለየውን ማወቅ ያስፈልጋታል። ስሚዝ ከመጀመሪያው ዓመት የጽሑፍ ኮርስ ውጭ ሁሉም ተማሪ የሚወስደው አስገዳጅ ኮርስ የለውም፤ ስለዚህ የስሚዝ ድርሰት ያን ነፃነት ምን ታደርግበታለች የሚለውን መመለስ አለበት፣ ለምሳሌ ኒውሮሳይንስን ከቋንቋ ጥናት ጋር። ለሕፃናት ሁለተኛ ቋንቋ የምታስተምር የኒውሮሳይንስ ልጅ ርዕሱ በእጇ ነው፤ ፍለጋ መሄድ የለባትም። ስሚዝና ማውንት ሆልዮክ ከአምኸርስት ኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ ኦፍ ማሳቹሴትስ አምኸርስት ጋር ኮርስ ይጋራሉ፤ ብሪን ማር ከሃቨርፎርድ ጋር የቀረበ ትስስር አለው፣ የክብር ደንቡም የተማሪዎቹ ሕይወት አካል ነው። የብሪን ማርን ድርሰት ኮፒ አድርጎ ስሙን ብቻ ለማውንት ሆልዮክ መቀየር ወዲያው ያስታውቃል።

ስለ ትውልዷም ልጻፍ ወይ የሚል ጥያቄ ይኖራታል። ጁን 2023 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኮሌጆች ዘርን እንደ ነጥብ ማየት እንዳይችሉ ወስኗል፤ ተማሪዋ በራሷ ሕይወት ውስጥ ምን ትርጉም እንዳለው መጻፏን ግን አልከለከለም። ኢትዮጵያዊ ነኝ ማለቱ ብቻውን ምንም አይሠራም። አማርኛ ፊደል ለስድስት ዓመት ልጅ ስታስተምር «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን እንዴት እንዳስረዳችው ብትጽፍ ግን ማንም ሊኮርጀው የማይችል አንድ ገጽ ይሆናል።

—

ሰነድ አንባቢ፦

አንድ ማረም ያለብኝ አለ፣ በውስጥ መስመር ስለተጠየቅኩ። «አምስት ኮሌጅ እያንዳንዳቸው 20 በመቶ ከሆነ ድምሩ 100 ነው፣ አንዱ አይቀርም» የሚል ስሌት አለ፤ ስህተት ነው። አምስቱ እርስ በርስ የማይገናኙ ዕጣዎች ቢሆኑ እንኳ ቢያንስ አንዱ ጋር የመግባት ዕድል 67 በመቶ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ አንዴ ከሁሉም ልትቀር ትችላለች። ደግሞም ይገናኛሉ፦ አምስቱም ያንኑ ትራንስክሪፕት፣ ያንኑ ደብዳቤ፣ ያንኑ ዋና ድርሰት ነው የሚያነቡት። ድርሰቱ ደካማ ከሆነ አምስቱም ጋር ደካማ ነው። ስለዚህ 67ቱ ወደ ታች ይወርዳል።

ዝርዝሩ ላይ ሁለት ይጨመር፣ እንድትገባም እንድትከፍሉም የሚያስተማምኑ። የሴቶች ኮሌጅነቱን ማጣት ካልፈለገች አግነስ ስኮት (ጆርጂያ) እና በመጀመሪያ ዲግሪ ሴቶችን የሚቀበለው ሲመንስ (ቦስተን) አሉ፤ ከአምስቱ ይልቅ አብዛኛውን አመልካች ይቀበላሉ፣ በውጤትም ይሸልማሉ። ሙሉውን ችግር እንሸፍናለን ግን ስለማይሉ ካልኩሌተሩን እዚያም ሙሉ። ከነሱ ጋር አንድ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይኑር። ዝርዝሩ እንዲህ ሲሆን ባርናርድ የሩቅ (የመግባት ዕድሏ ጠባብ የሆነበት)፣ ዌልስሊም የሩቅ፣ ስሚዝ ከሩቁ ወደ መካከለኛ የሚቀርብ፣ ብሪን ማርና ማውንት ሆልዮክ መካከለኛ ናቸው፤ ይህ ፊዚክሱና ስፓኒሹ ከተመለሱ ነው። ዌልስሊና ስሚዝ የማመልከቻ ክፍያ ስለማይጠይቁ ለገንዘቡ ሲባል የሚቀር የለም።

—

የሁለት ልጆች እናት፦

ፊዚክሱ ተገኘ! ስፓኒሹም ተመለሰ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ኦገስት ላይ ኤስኤቲ ደግማ 1440 ብታመጣ ይላካል?

—

ሰነድ አንባቢ፦

ጥሩ ዜና ነው። ድምሩን ሳይሆን የየክፍሉን ውጤት ይዩ፤ ሲ9 ሒሳቡንና ንባቡን ለየብቻ ያወጣል። ለሳይንስ አመልካች 680 ሒሳብ ነው ወደኋላ የሚጎትታት። 1440 የሆነው ሒሳቡ 720 ደርሶ ንባቡ 720 ስለሆነ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ኮሌጆች ከሁለት ፈተና የተሻለውን እያንዳንዱን ክፍል ስለሚወስዱ የበፊቱ 730 ንባብ ተጨምሮ 1450 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለስሚዝ፣ ለብሪን ማርና ለማውንት ሆልዮክ ከአዲሱ ሰነድ ጋር አመሳክሩት። ሒሳቡ 680 ላይ ቀርቶ ንባቡ 760 ከሆነ ግን ለዌልስሊ አሁንም አትላኩ። እስከ ኦገስት ያለውን ጊዜ ሒሳቡ ላይ ብቻ ታውለው፤ ብሉቡክ በሚባለው የፈተናው መተግበሪያ ላይ ያሉትን ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በሰዓት ትሥራ፣ ያጠፋችውን እያንዳንዱን ጥያቄ በርዕስ ትለይ። ስህተቶቹ ሁለት ሦስት ርዕስ ላይ ተከማችተው ከተገኙ ክረምቱ ይበቃቸዋል።